ሦስት እፍኝ አፈር

ሙሀመድኑር አሊይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀብር አላመለጠውም። አንድም ቀብር ላይ ግን ቆሞ አያውቅም። ይህን የሰማ እንግዳ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ የገንደ ሸኽ ሰው ግን ነገሩን ከመልመዱ የተነሣ እንቆቅልሽ መሆኑን እንኳ ረስቶታል።

ገንደ ሸኽ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ሲኬድ አስፋልቱ ዳር የተደረደረች መንደር ናት። መቃብሯ ከመንደሩ ጀርባ፣ ጭንጫው ላይ ነው። ዙሪያውን በቁልቋል ታጥሯል፤ ከአጥሩ ውጭ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ሰው ሲሞት መንደሩ ጀናዛውን ተሸክሞ ይገባል፤ ሙሀመድኑር ከዋርካው ሥር ይቆማል። ሶላቱን እዚያው ሆኖ ይሰግዳል። ሰው ቀብሮ፣ ዱዓ አድርጎ፣ አቧራውን አራግፎ ሲበተን፣ እሱ ቀስ ብሎ ይገባና ጎንበስ ብሎ በመቃብሩ ላይ ሦስት እፍኝ አፈር ይጨምራል። ከዚያ ወደ ቤቱ። ማንም አያናግረውም፤ እሱም ማንንም አያናግርም። የገዛ ሚስቱ ዘሃራ ስትቀበር እንኳ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከቅሬ የተባረረ ሰው ነውና። ቅሬ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። መቃብር የሚቆፍር ቅሬ ነው፤ ጀናዛ የሚሸከም ቅሬ ነው፤ ለቀስተኛ የሚያበላም፣ የተጣላ የሚያስታርቅም ቅሬ ነው። ከቅሬ ለወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም። ሲሞት የመንደሩ ሸኽ መጥተው ያሰግዱለታል እንጂ ዶማ የሚያነሣለት የለም። «ሶላቱ የአላህ ነው፣ ቁፋሮው የቅሬው» ይባላል። ይህን ቅጣት የፈለሰፈ ሰው ብልህም ጨካኝም መሆን አለበት። ሴቶቹ ብቻ ዘሃራን አልለቀቋትም፤ ለእሷ ቀብር ቅሬው ወጣ። ባሏን ግን ከዋርካው ወዲህ አላሳለፉትም።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ቢያጠፋ ነው? ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ሙሀመድኑር በዘመኑ ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅ ሲባል የቀበሌ ትልቅ አይደለም። በሰማንያ ሦስት ጦርነቱ ሲያበቃ፣ አገሩ እንደ ተዘረፈ ቤት ወና ሆኖ፣ የተበተነው ወታደርና የተፈናቀለው ገበሬ በየመንገዱ ሲንከራተት፣ የመልሶ ማቋቋሙን ሥራ በአገር ደረጃ የመራው እሱ ነው። ከዳር እስከ ዳር ዘር፣ በሬና የቤት ክዳን የሄደው በእሱ ፊርማ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ቢፈለግ አይገኝም። የዚያ ዘመን ነገር በሬዲዮ ሲወራ ያቋቋሙትም፣ የደከሙትም ሌሎች ናቸው። ከአንድ አሮጌ ጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፤ አምስት ባለሥልጣናት ቆመው ይስቃሉ፤ ከዳር በኩል የአንድ ሰው እጅ ብቻ ይታያል። የሙሀመድኑር እጅ ነው። ልጁ ዘሊካ በእጅ ሰዓቱ ታውቀዋለች።

ከሥራው የቀረ ነገር ቢኖር በቅጽ ላይ ያለ አንድ ዓምድ ነው። «ከመኪና መንገድ ያለው ርቀት» ይላል። ሙሀመድኑር ወረዳ በወረዳ ሲዞር አንድ ነገር አስተዋለ፤ መኪናው አስፋልት ላይ ይቆማል፣ አስፋልት ዳር ያለው ቀድሞ ይወስዳል፣ ተራራ ላይ ያለው ሲደርስ ጆንያው ባዶ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሁሉ ከሩቁ ይጀምር ብሎ ደነገገ። ከመንገድ የራቀ ይቅደም፣ የቀረበ ይከተል። ደንቡን ሲያወጣ የገዛ መንደሩ አስፋልት ላይ የተቀመጠች መሆኗን አልረሳም። በሰማንያ አራት ዘሩ ወደ ጨፋ ሲመጣ ተራራ ላይ ካለው ከቱሉ ቦሩ ጀመረ፤ ገንደ ሸኽ ሳይደርስ አለቀ። የዚያ ዓመት ክረምት መንደሩ ተራበ። ረቢአ የምትባል አራስ ሞተች። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚል ሕዝብ ይህን እንዴት ይረሳል? ቅሬው ተሰብስቦ «ለእኛ ያልሆነ በእኛ እጅ አይቀበርም፣ ከእኛም ጋር አይቀብርም» ብሎ ማለ። ሰውየው ከሥልጣን ወርዶ፣ አንዲት ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ይዞ ሲመለስ የጠበቀው ይህ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሱ ቆጭቶት እንደሆነ ግን ከአፉ የሰማ የለም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። ያላለፈው ሌላ ጦርነት መምጣቱ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ኅዳር መጣና ሄደ፤ ጎተራ ባዶ፣ በሬ ታርዶ፣ ድልድይ ተመትቶ ቀረ። ግንቦት ላይ የማሽላ መዝሪያው እያለፈ፣ የዘር መኪና ሲጠበቅ፣ ሙሀመድኑር በሰማንያ አንድ ዓመቱ አልጋ ያዘ።

ዘሊካ በዚያ ጊዜ ከሚሴ ውስጥ በአንድ ቢሮ የዘር ዝርዝር የምታዘጋጅ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ከባሏ ከኸይረዲን ጋር ከተማ ትኖራለች፤ ማታ ማታ በባጃጅ እየወረደች አባቷን ታያለች። ቢሮ የምትሞላው ቅጽ ያው ቅጽ ነው፤ ያ ዓምድ አለበት። ማን እንዳስገባው የቢሮው ሰው አያውቅም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም።

«ኢንተላ ኮ» አላት አባቷ አንድ ምሽት፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ከእናትሽ ጎን ነው የምትቀብሩኝ።»

«አባዬ፣ እንዲህ አትበል።»

«ልበል እንጂ። ሰው ቢቆፍርልኝ ደስ ይለኝ ነበር። መሬቱ ጭንጫ ነው፤ ኸይረዲን ብቻውን አይችለውም።»

ዘሊካ ያን ሌሊት አልተኛችም። አባቷ በሕይወቱ ደስ ይለኝ ነበር ብሎ የጠየቃት ነገር ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ የገንደ ሸኽ ቅሬ ዳኛ ጀይሉ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ጀይሉ ቢሮ የሚባል ነገር የማይወድ፣ ከመሬት በቀር ወንበር የማያምን ሰው ነው። የረቢአ ወንድም ነው፤ እህቱን በዚያ ክረምት ሲቀብር የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዘሊካ ሲገባ ስታየው አባቷ የሞተ መሰላት።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አካም፣ ነጉማ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ነጉማ፣ አልሐምዱሊላህ። አያ ጀይሉ፣ ምነው በደኅና?»

«ደኅና ነው። አባትሽ ደክሟል ሲሉ ሰማሁ።» ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እኛም ሬሳ ጥለው የሚያድሩ ተብለን መነሣት አንፈልግም። ቅሬው መክሯል። የይቅርታውን ቃል ከአንደበቱ ይበለው። ‹አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በሉኝ› ይበል። ይህን ካለ፣ ወላሂ እኔ ራሴ ዶማ ይዤ እወርዳለሁ።»

ዘሊካ ዕንባዋ መጣ። «አላህ ያክብርልኝ» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማሽላው ዘር እሑድ ይመጣል አሉ። ሁለት መኪና ነበር፣ አንዱ እንጃ ይባላል። ዝርዝሩ ያንቺ እጅ ላይ ነው። የሰው ልብ እንዲያው አይራራም፣ ታውቂዋለሽ። ሽማግሌዎቹ ግማሹ ገና ያጉረመርማሉ። ዘንድሮ አንደኛ ብንሆን ግን ማን ያጉረመርማል? በሰማንያ አራት አባትሽ መጨረሻ አደረገን። አንቺ ታስተካክይዋለሽ፣ ነገሩም ያበቃል።»

ጀይሉ ተነሣ። «አላስገድድሽም» አለና ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ቀላል ነበር።

ዝርዝሩ ከሩቅ ስለሚጀምር፣ አንደኛው አሁንም ቱሉ ቦሩ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ገንደ ሸኽ ዜሮ። ዜሮን አንደኛ ማድረግ አይቻልም። ግን ድልድዩ አለ። በጦርነቱ ተመትቶ ስለነበር ለሦስት ወር ወደ ገንደ ሸኽ የሚሄድ መኪና ሁሉ በዙሪያ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ከየካቲት ወዲህ በብረት ተጠግኖ መኪና ይተላለፍበታል፤ ዋናው ጥገና ግን ገና አልተሠራም፣ ወረቀት ላይ «የተሰበረ» እንደተባለ ነው። ዘሊካ ከገንደ ሸኽ አንጻር ዜሮውን ሰርዛ ሃያ አንድ ጻፈች። ሙሉ ውሸት አይደለም ብላ ለራሷ ነገረች።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። ዓፊያ ትባላለች፣ ከቱሉ ቦሩ ናት። ሌሊት ተነሥታ በእግሯ ነው የወረደችው፤ ጫማዋ በአንድ በኩል በሽቦ ታስሯል። የዘሊካ የሥራ ባልደረባ ፊርደውስ ዝርዝሩን አነበበችላት።

«ሁለተኛ ዙር ናችሁ፣ እቴ። መኪናው ሲመጣ እናስነግራለን።»

«ሁልጊዜ አንደኛ አልነበርን? የሩቅ ሰው ይቀድማል ስትሉ።»

«ዘንድሮ ከእናንተ የራቀ ተገኘ።»

ዓፊያ ሳቀች፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው ገርሟት። «ከእኛ የራቀስ ጨረቃ ነው» አለች። ቀጥላ ግን ሳቋ ጠፋ። «ሁለተኛው ዙር መቼ ነው? ማሽላ ሁለተኛ ዙር ያውቃል እንዴ? ዝናቡ ጀምሯል። እኛ ዘንድ እንደ እናንተ ማሾ አይበቅልም፣ ብርዱ ይመታዋል። ማሽላው ካለፈ አለፈ።»

ፊርደውስ ወደ ዘሊካ ዞረች። ዘሊካ አንገቷን ደፍታ ምንም የማይጻፍበት ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ዓፊያ «አላህ ያውቃል» ብላ ወጣች። የበላችው ነገር እንዳለ እንኳ የጠየቃት የለም። ዘሊካ በመስኮት ስታያት አስፋልቱን ተሻግራ ወደ ተራራው አቀናች። በዚያች ደቂቃ ዘሊካ ራሷን ጠላች። ዝርዝሩን ግን ወደ ነበረበት አልመለሰችም፤ ሽማግሌዎቹ የአባቷን ቃል ሊሰሙ የሚመጡት በማግስቱ ዓርብ ነበርና።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘጠኝ ሽማግሌዎች የሙሀመድኑርን ደጃፍ ረገጡ። ሠላሳ ዓመት የቅሬ ሽማግሌ ያልረገጠው ደጅ ነው፤ ዘሊካ ጠዋት አረሙን በማጭድ አጭዳ፣ ሰሌን አንጥፋ ጠብቃቸዋለች። ኸይረዲን አማቱን ደግፎ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንዳቸውም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አላዩም።

ሙሀመድኑር ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ዕንባው በጉንጩ ወረደ፣ አልጠረገውም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «በቤቴ ሰው አየሁ።»

ጀይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሀመድኑር፣ ነገር አናበዛም። እርስዎ ታመዋል፣ እኛም ሰው ነን። ቃሉን ይበሉትና ዱዓ አድርገን እንነሣ።»

«እላለሁ» አለ ሙሀመድኑር። አፉን ሊከፍት ሲል ግን የገበሬ ነገር ሆኖበት፣ «መሬቱ ረጥቧል፣ ለመሆኑ ማሽላ ዘራችሁ?» አለ።

ዝም ቢሉት ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። አንድ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ግን ደስታው አላስቀምጠው አለ። «እሑድ ነዋ! ዘንድሮ አንደኛ እኛ ነን። ልጅህ ትባረክ፣ እንዳንተ አይደለችም፣ ወገኗን ታውቃለች።»

ጀይሉ በዓይኑ ገላመጠው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሙሀመድኑር ወደ ልጁ ዞረ። እንደ አስተማሪ ነው የጠየቃት፣ ቀስ ብሎ። «ዘሊካ፣ ገንደ ሸኽ ከመንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ።»

«ከየት ተነሥቶ?»

«በዙሪያ። ድልድዩ ተሰብሮ የለ?»

እንግዲህ አላህ ሲያጋልጥ እንዲህ ነው፤ በዚያው ቅጽበት አንድ አይሱዙ ከድልድዩ በኩል ጥሩንባውን እየነፋ መጥቶ በደጃፉ አለፈ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሙሀመድኑር ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ።

«ቱሉ ቦሩስ?»

«ሁለተኛ ዙር» አለች ዘሊካ። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ሙሀመድኑር ዓይኑን ጨፈነ። ኸይረዲን የደከመው መስሎት ሊያስተኛው ሲጠጋ በእጁ ከለከለው።

«ጀይሉ» አለ። «እህትህን ረቢአን ያስራብኳት እኔ ነኝ። መንገድ ዳር ያለ ሰው አላፊ አግዳሚ አያጣም ብዬ አሰብኩ። ተሳሳትኩ፤ አላፊው አለፈ። በየዓመቱ መቃብሯ ላይ ሄጄ አውፍ በይኝ እላታለሁ። ዛሬ ደግሞ አንተን አውፍ በለኝ እልሃለሁ። ለዝርዝሩ ግን አውፍታ አልጠይቅም። ቱሉ ቦሩ በዚያ ክረምት መቶ ሃያ ቤት ነበር። አንድም ቤት አልተዘጋም።»

ጀይሉ የእህቱ ስም ሲጠራ ፊቱ ተለዋወጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ስም ከዚያ አፍ ሰምቶት አያውቅም። አንድ ነገር ሊል ሲል የሽማግሌዎቹ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሆነ፤ ዳኛ ነውና ዳኝነቱን አስታወሰ።

«ቃሉ ተከፍሎ አይባልም» አለ። «ቅሬው የማለው በዝርዝሩ ነው። እንዳለ ይበሉት፣ ወይም ይተዉት።»

«እንግዲያው እኔ ዋርካዬ ሥር እቆያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሳያደርጉ ተነሡ። ጥርሱ የረገፈው ሰውዬ ብቻ በር ላይ ዞር ብሎ፣ «ምን አልኩ እኔ?» አለ።

ዘሊካ ሰሌኑን ጠቀለለች። በሕይወቷ በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ጮኸች።

«ለማን ብለህ ነው? ንገረኝ፣ ለማን? አዲስ አበባ አንድ ሰው ስምህን አያውቀውም። ቱሉ ቦሩ አንድ ሰው አያውቅህም። ትናንት አንዲት ሴት ከዚያ መጥታ፣ ደንቡን ታውቃለች፣ አንተን አታውቅም! ከእናቴ ጎን ሰው ቆፍሮ ይቅበርህ ብዬ ነው እኮ የዋሸሁት!»

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ።» እጇን ፈልጎ ያዘው። «ለእኔ ብለሽ ነው። እኔም ለእናንተ ብዬ ልዋሽ ነበር፣ በሰማንያ አራት። ሌሊቱን ሙሉ ብዕሩን ይዤ ተቀምጬ ነበር።»

ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ዘሊካ ቁጣዋ በረደና አልጋው ሥር ቁጭ አለች።

«ያ ዓምድ አሁንም ቅጹ ላይ አለ?» አላት ቆይቶ።

«አለ።»

«ማን እንዳስገባው ያውቃሉ?»

«ማንም አያውቅም።»

«ደግ» አለ፤ ሊስቅም ቃጣው። «ቢያውቁ ኖሮ ከእኔ ጋር ያወጡት ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ዘሊካ ኃላፊዋ ፊት ቀርባ ያደረገችውን ተናገረች። ሃያ አንድን ሰርዛ ዜሮ ጻፈች። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ከዝርዝር ሥራም ተነሣች። እሑድ መኪናው አንድ ብቻ ሆኖ መጣ። ገንደ ሸኽ ወንድ ሴቱ አስፋልት ዳር ጆንያውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ መኪናው ሳይቆም በፊታቸው አልፎ ወደ ተራራው ታጠፈ። አንድ ሰው ድንጋይ ወረወረበት፤ አልመታውም። የዚያን ቀን ከሰዓት ዘሊካ አባቷ ዘንድ ስትገባ በጀርባዋ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። አንዱ «የእባብ ልጅ» አለ። ሌላው እንኳን እሱ፣ ዘሩም ይጥፋ አለ። ይህን አባቷ አልሰማም። መኪናው ማለፉን ግን በድምፁ ለይቶ፣ «ሄደ?» ብሎ ጠየቃት። «ሄደ» አለችው።

በሳምንቱ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

ኸይረዲን ከሚሴ መናኸሪያ ሄዶ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። ሦስቱ ሆነው ከዘሃራ ጎን ሲቆፍሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ፤ ጭንጫው እንደተባለው ነበር። ሸኹ መጡ፣ እንደ ደንቡ አሰገዱ። ፊርደውስ ወንድሞቿን ላከች። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰው ነው። ከቱሉ ቦሩ ማንም አልመጣም፤ የዘር ሳምንት ነበር፣ መሞቱንም የነገራቸው የለም። የገንደ ሸኽ በር ሁሉ ተዘግቶ ነበር።

ሴት መቃብር አትገባምና ዘሊካ ውጭ ቀረች። የት ልቁም ብላ ስታይ አንድ ቦታ ብቻ አገኘች፤ ዋርካው ሥር። ከግንዱ ሥር መሬቱ በሁለት እግር ቅርጽ ተጎድጉዷል፣ ሣር የለበትም። እግሯን እዚያ ላይ አሳረፈች፤ ያን ጊዜ አለቀሰች። የቀብሩ ባዶነት ነው ያስለቀሳት። አገር ያቋቋመ ሰው ከመንደሩ ጀናዛውን የሚሸከም አራት ሰው አጥቶ፣ በኪራይ ትከሻ ተሸኘ። እሷ ደግሞ ይህን ልታስቀርለት ትችል ነበር፤ አንዲት ቁጥር ነበረች።

ቀብሩ አለቀ። አሥራ አንዱ ሰው ወጥቶ ወደ ቤት አቀና። ኸይረዲን ነይ ቢላት፣ «ትንሽ ልቆይ» አለችው።

ጸጥ ሲል ከቁልቋሉ ጀርባ ኮቴ ተሰማ። ጀይሉ ነው። ብቻውን ነው። አያት፣ ሰላምታ አልሰጣትም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ከመቃብሩ ራስጌ ጎንበስ አለ፣ ሦስት እፍኝ አፈር ጨመረ። ቀና ብሎ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብሎ ሦስት ደገመ።

«ይህ የረቢአ ነው» አለ። ለማን እንደነገረው እንጃ።

እሱ ሲወጣ ጥርሱ የረገፈው ሽማግሌ ገባ። ያ ሲወጣ ሌላ። አብረው አልገቡም፤ አብረው ከገቡ ቅሬ ነው፣ ቅሬው ደግሞ ምሏል። አንዱ እስኪወጣ ሌላው ከቁልቋሉ ወዲያ እየጠበቀ፣ ሠላሳ ዓመት አይቶ እንዳላየ ሲያልፈው የኖረው ሙሀመድኑር ያደርግ እንደነበረው፣ ጎንበስ፣ ሦስት እፍኝ፣ ቀና፣ ወደ ቤት። ጆንያ ይዘው አስፋልት ዳር የቆሙት ነበሩ። ድንጋዩን የወረወረው ነበር። አንዳቸውም ዘሊካን አላናገሩም፤ እሷም አላናገረቻቸውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ አላለቁም።

ለገንደ ሸኽ ዘሩ የደረሰው በሐምሌ ነው፤ ማሽላው አልፎ ማሾ ዘሩ። የቅሬው መሐላ አልተነሣም፤ የሙሀመድኑር ስም እስከ ዛሬ ከቅሬው እንደተፋቀ ነው። መቃብሩ ግን ከጎኑ ካለው ከዘሃራ መቃብር በክንድ ከፍ ይላል። ማን ይህን ሁሉ አፈር እንዳለበሰው ቢጠየቅ፣ በመንደሩ አየሁ የሚል የለም።